የገዛነው መጽሐፍ የማን ነው?

ባለፈው ሴሚስተር የፊቸር አጻጻፍ ኮርስ ስንወስድ መምህራችን አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እንድናነብ አዘዙን። ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ያለው አንድ ኮፒ ብቻ ነው። እሱም «በቦታው የሚነበብ» የሚል ማኅተም አርፎበታል፤ ከመካከሉም አንድ ሙሉ ምዕራፍ ተገንጥሏል። ማን እንደገነጠለው እግዜር ይወቀው። የተገነጠለው ግን ለፕሬዘንቴሽን የተሰጠን ምዕራፍ አራት መሆኑን ስታውቁ፣ ገንጣዩ ከእኛው መሃል እንደሆነ መጠርጠራችሁ አይቀርም።

ፕሬዘንቴሽኑን አብሮኝ የሚያቀርበው የክፍሌ ልጅ ዓይነ ስውር ነው። ስሙን እንዳልጽፍ ስለነገረኝ «ጓደኛዬ» እያልኩ እቀጥላለሁ። የሚያነበው በላፕቶፑ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብለት ስክሪን ሪደር የሚባል ፕሮግራም አለው። ፍጥነቱን ከፍ አድርጎ ሲያዳምጥ ለእኔ የንብ ቀፎ የሚጮህ ይመስለኛል፤ እሱ ግን አንዲት ቃል አታመልጠውም። የታተመ መጽሐፍ ሲሆን ግን የሰው አፍ መጠበቅ አለበት። ከእኛ አንዳችን እናነብለታለን፤ እኛ ሲደክመን ንባቡ ይቆማል፤ ፈተና ሲደርስ ደግሞ እሱ ፈተና የሌለበት ይመስል ሁላችንም እንጠፋለን። ይሄን የምጽፈው ራሴንም ጨምሬ ነው።

ስለዚህ መጽሐፉን በኢ-ቡክ ለመግዛት ተስማማን። ዋጋው 28 ዶላር ነው። እኛ ዶላር ከየት እናመጣለን? መንገዱ የታወቀ ነው፤ ሜሪላንድ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በካርዱ ይገዛልናል፣ እኛ ብሩን እዚህ ለአክስቴ እንሰጣለን። ግማሹን እኔ፣ ግማሹን ጓደኛዬ አዋጣን። እሱ ከወር ወጪው ቀንሶ ነው ያመጣው። ይቺን «ግማሽ» የምትል ቃል ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ፋይሉ በኢሜይል መጣ። መጠኑን ስናይ ጥቂት ኪሎ ባይት ብቻ ነው። «መጽሐፍ እንዲህ ያንሳል እንዴ?» አልን። ለካስ መጽሐፉ አይደለም፤ መጽሐፉን የማውረጃ ደረሰኝ ብቻ ነው። ሻጩ ያዘዘውን የማንበቢያ ፕሮግራም ጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ ጭነን፣ በአክስቴ ልጅ አካውንት ገብተን፣ ደረሰኟን ስንከፍታት መጽሐፉ ወረደ። ገጾቹ ስክሪኑ ላይ ፏ ብለው ታዩ። እኔ ደስ ብሎኝ «መጣ!» አልኩ። ጓደኛዬ ጆሮ ማዳመጫውን አስተካክሎ ጥቂት ቆየና «ዝም ብሏል» አለኝ። ቁልፎቹን ደጋግሞ ነካካ። ስክሪን ሪደሩ የፕሮግራሙን ሜኑ ያነባል፣ የመጽሐፉን ርዕስ ያነባል፣ ጽሑፉ ላይ ሲደርስ ጭጭ። የመጽሐፉን መረጃ ከፍቼ ባየው አሳታሚው ጮክ ብሎ ማንበብን እንዳልፈቀደ ተጽፎበታል።

እኔ የገዛሁት ግማሽ ይነበባል። እሱ የገዛው ግማሽ አይነበብም።

ለመሆኑ ይህ ቁልፍ ምንድን ነው? በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ዲ.አር.ኤም. ይባላል። «የዲጂታል መብት አስተዳደር» ብለው የሚተረጉሙት አሉ፤ የማን መብት እንደሆነ ግን ስሙ አይናገርም። አሠራሩ ሲቀል እንዲህ ነው። የመጽሐፉ ጽሑፍ በምስጢር ኮድ ተቀይሮ ይቀመጣል፤ ፋይሉን በሌላ ፕሮግራም ብትከፍቱት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ነው። የሚፈታው ቁልፍ ከገዢው አካውንት ወይም ከመሣሪያው ጋር ተያይዞ ይሰጣል። ሻጩ የፈቀደው ፕሮግራም ቁልፉን ተጠቅሞ ገጹን ያሳያችኋል፤ ኮፒ ማድረግን፣ ማተምንና ጮክ ብሎ ማንበብን ግን እንደ አሳታሚው ፍላጎት ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስቀው። መጽሐፉን እንድታነቡት ቁልፉ የግድ እናንተ ኮምፒውተር ውስጥ መግባት አለበት። የተቆለፈበትም ሰው፣ ቁልፉ የተሰጠውም ሰው አንድ ነው። ሳጥን ቆልፎ ቁልፉን ሳጥኑ ሥር እንደማስቀመጥ ማለት ነው። ለዚህም ይሆናል አዲስ ቁልፍ በወጣ ቁጥር የሚፈታው ሰው የማይጠፋው።

የመፍቻውን ወሬ የሰማሁት ከአንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነው። ካሊበር የሚባል ነፃ የኢ-ቡክ ማደራጃ ፕሮግራም አለ። ኮቪድ ጎያል የተባለ ሰው (ስሙ ከበሽታው በፊት የወጣለት ነው) እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው የሶኒ ማንበቢያ መሣሪያው ከሊኑክስ ኮምፒውተሩ ጋር አልግባባ ስላለው ነው። ካሊበር ራሱ ቁልፍ አይፈታም። የሚፈታው ሌሎች ሰዎች ለብቻው የሠሩት ፕለጊን ነው፤ ፕለጊን ማለት በዋናው ፕሮግራም ላይ የሚሰካ ተጨማሪ ማለት ነው።

«አሥር ደቂቃ አይፈጅም» ነበር ያለኝ። ሁለት ሌሊት ፈጀብን።

የመጀመሪያው ሌሊት ያለቀው ፕለጊኑን ለመትከል ብቻ ነው። ሌሊቱን ክፍት በሆነው የንባብ አዳራሽ ጥግ ይዘን ተቀመጥን። በፍላሽ የተሰጠን ፕለጊን የቆየ ነበር፤ ካሊበሩን ደግሞ አዲስ ነው ያወረድነው። ካሊበር እ.ኤ.አ. በ2020 አምስተኛውን እትም ሲያወጣ ከፓይተን 2 ወደ ፓይተን 3 ተሻገረ፤ ከዚያ በፊት የተጻፉ ብዙ ፕለጊኖችም መሥራት አቆሙ። እኛ ይሄን ያወቅነው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ያ ረጅም የስህተት መልእክት አሥር ጊዜ ከወጣብን በኋላ ነው። አዲሱን ፕለጊን ማውረድ ስንጀምር መብራት ሄደ። መብራት ሲመጣ ኔትወርክ ሄደ። በመጨረሻ ሲወርድ ደግሞ በዚፕ የታሸገ ነው፤ እንዳለ ለካሊበር ስንሰጠው «ይሄ ፕለጊን አይደለም» ብሎ መለሰልን። ለካስ ዚፑ ውስጥ ሌላ ዚፕ አለ! የውጪውን ፈትቶ፣ የውስጡን ሳይፈቱ መስጠት ነው። ከዚያ ካሊበርን ዘግቶ መክፈት። ይሄን ሁሉ የሚነግር ማብራሪያ አብሮ መጥቶ ነበር፤ ማን ያነባል? የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነን ተብለን!

ሁለተኛው ሌሊት የባሰ ነበር። ፕለጊኑ ገብቷል፤ መጽሐፉ ግን እንደተቆለፈ ነው፤ የስህተት መልእክትም የለም። የስህተት መልእክት የሌለው ስህተት እንዴት እንደሚያናድድ የደረሰበት ያውቀዋል። ምክንያቱ ሲገለጥልን፣ ፕለጊኑ የሚሠራው መጽሐፉ ወደ ካሊበር በሚገባበት ቅጽበት ብቻ ነው። እኛ ደግሞ መጽሐፉን ያስገባነው ፕለጊኑ ከመተከሉ በፊት ነው። መጽሐፉን ከካሊበር አስወጥተን እንደገና አስገባነው። አሁንም እምቢ አለ። ለካስ የምንሞክረው በእኔ ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ቁልፉ ያለው ግን የማንበቢያ ፕሮግራሙ በአካውንቱ በተከፈተበት በጓደኛዬ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ስህተቱ የእኛው ነው፣ ማንንም አላማም። ሁሉን ነገር ወደ እሱ ላፕቶፕ አዙረን ከመጀመሪያው ጀመርን። ካሊበር መጽሐፉን ተቀበለው፤ ወደ ወርድ ፋይል ቀየርነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጓደኛዬ የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ጫፍ ሰጠኝና ምዕራፍ አራት ሲጀምር አብረን ሰማን። ከዚያ መልሶ ወሰደብኝና ፍጥነቱን ጨመረ። እኔ እንቅልፌን ተኛሁ።

በማግስቱ ለአክስቴ ስልክ ደውዬ ሁሉን ነገር ስነግራት እንዲህ አለችኝ። «ልጄ፣ ገዝታችሁት የለም እንዴ? የምን መፍቻ ነው የምትይኝ?»

ይቺን ጥያቄ እስካሁን በልቤ ይዤ እዞራለሁ። አክስቴ ሱቅ ውስጥ የኖረች ሴት ናት። «ገዛሁ» የሚለው ቃል እሷ ዘንድ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ኢ-ቡክ ሻጮቹ ግን ቁልፉ ላይ «ግዛ» ብለው ይጽፉና፣ ማንም የማያነበው ረጅም ውል ውስጥ «ፈቃድ ሰጥተንሃል እንጂ አልሸጥንልህም» ይላሉ። እኛ በዜና አጻጻፍ ክፍል ውስጥ «ተናገሩ» እና «አመኑ» በሚሉት ሁለት ቃላት መሃል ስላለው ልዩነት ስንት ሰዓት ተከራክረናል? የአንድ ቃል መሳሳት ማርክ ያስቀንሰናል። እዚህ ግን «ግዛ» የሚል ቃል ዓለም ሙሉ በስህተት ሲጠቀስ አራሚ አልነበረውም። በመጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የካሊፎርኒያ ግዛት አራሚ ሆና መጥታለች፤ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕጓ፣ ሻጩ የሚሰጠው ፈቃድ ብቻ ከሆነ ያንን በግልጽ ሳይናገር «ግዛ» ማለት እንደማይችል ይደነግጋል።

የቃል ጨዋታ ነው የምትሉ ካላችሁ ሁለት ነገር ላስታውሳችሁ። በሐምሌ 2009 እ.ኤ.አ. አማዞን ሰዎች ከፍለው ያወረዷቸውን ሁለት የጆርጅ ኦርዌል መጻሕፍት፣ «1984» እና «የእንስሳት እርሻ»ን፣ ከኪንድል መሣሪያዎቻቸው ላይ ከሩቅ ሆኖ ሰረዛቸው። ኢ-ቡኮቹን ለሽያጭ ያቀረበው ወገን መብቱ ስላልነበረው ነው፤ ገንዘቡም ተመልሷል። የኩባንያው መሥራች ጄፍ ቤዞስ ድርጊቱ ስህተት መሆኑን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። ነገር ግን አንድ የሚቺጋን ተማሪ ለትምህርት ቤት ሥራው መጽሐፉ ላይ የጻፈው ማስታወሻ ዋጋ አጥቶበት ክስ መሠረተ፤ ጉዳዩ በ150,000 ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ለማስታወሻው! ሁለተኛው በ2019 እ.ኤ.አ. የሆነው ነው። ማይክሮሶፍት የኢ-ቡክ መደብሩን ዘጋ፤ የተሸጡት መጻሕፍትም ሁሉ ከገዢዎቹ እጅ ላይ መከፈት አቆሙ። ፍትሐዊ ልሁን፣ ማይክሮሶፍት ገንዘቡን መልሷል፤ ማስታወሻ ለጻፉ ሰዎችም 25 ዶላር ጨምሮላቸዋል። ግን መርካቶ መጽሐፍ የሸጠ ነጋዴ ሱቁን ሲዘጋ ቤታችን ድረስ መጥቶ ከመደርደሪያችን ላይ ሲለቅም አስቡት እስቲ።

የ«ጮክ ብሎ ማንበብ» ክልከላም የእኛ ዕጣ ብቻ አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ አዶቤ ባዘጋጀው የ«አሊስ በአስደናቂው ዓለም» ኢ-ቡክ የፈቃድ ዝርዝር ላይ ጮክ ብሎ ማንበብ እንደማይፈቀድ ተጽፎ ተገኘ። የልጆች መጽሐፍ ነው! ደራሲው ከሞተም መቶ ዓመት አልፎታል። ኩባንያው የተከለከለው የኮምፒውተሩ ድምፅ እንጂ የሰው ንባብ እንዳልሆነ ማስረዳት ነበረበት። ብዙ ሰው ሳቀበት። ለጓደኛዬ ስነግረው አልሳቀም።

አሁን ወደ ሌላው ወገን ልምጣ፤ የአንድ ወገን ወሬ ዜና አይሆንምና። የአገራችን ደራሲ በራሱ ገንዘብ ወይም ተበድሮ መጽሐፉን ያሳትማል። ወረቀቱ ውድ ነው። መጽሐፉ በወጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በስልክ ካሜራ ተነስቶ በፒ.ዲ.ኤፍ. ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል፤ ከሥሩም «አመሰግናለሁ ወንድሜ» የሚል ይጎርፋል። እንዲህ ለተዘረፈ ደራሲ ሄጄ «ቁልፍ አያስፈልግም» ብለው ምን ይለኛል? እውነቱን ለመናገር ይሄ ጥያቄ ይህን ጽሑፍ ለሁለት ሳምንት አዘግይቶታል።

መልሴ ይሄ ነው፦ ያንን ደራሲ የዘረፈው ቁልፍ የሌለው ኢ-ቡክ አይደለም። ከወረቀት ላይ የተነሳ ፎቶ ነው። ካሜራን የሚያቆም ዲ.አር.ኤም. ደግሞ የለም። ሌባው የሚያገኘው ቀድሞ የተከፈተውን ነው፤ በቁልፉ ሁለት ሌሊት የሚሰቃየው ከፍሎ የገዛው ነው። ቶር የተባለው የሳይንስ ልቦለድ አሳታሚ በ2012 እ.ኤ.አ. ከኢ-ቡኮቹ ላይ ቁልፉን አነሳ፤ ከአንድ ዓመት በኋላም የእንግሊዙ ክፍል ስርቆቱ የሚታይ ጭማሪ እንዳላሳየ ተናገረ። ሙዚቃውም እንደዚሁ ነው፤ አፕል በ2009 እ.ኤ.አ. ከሚሸጣቸው ዘፈኖች ላይ ቁልፉን አንስቷል፣ ሰው ዘፈን መግዛቱን ግን አልተወም። እኔ ለደራሲው ነኝ። የቁልፉ ጠበቃ ግን አይደለሁም።

ይህን አቋሜን የሚፈትን ነገር ወዲያው መጣ። መጽሐፉ መከፈቱን የክፍላችን ልጆች ሰሙ። ተጠሪያችን «ግሩፕ ላይ ልቀቂው» አለኝ። አለቅም አልኩ። «አንቺ ደግሞ ስስታም ነሽ» ከሚለው ጀምሮ ብዙ ሰማሁ። አንዷ የተናገረችው ግን እስከ ዛሬ ያመኛል። «አንቺ ለራስሽ ከፈትሽና ለእኛ ቆለፍሽ» አለችኝ።

ያመመኝ ከፊሉ እውነት ስለሆነ ነው። ሁለት ሰው የከፈለው 28 ዶላር ግን የክፍሉን ሁሉ መጽሐፍ አይሸፍንም። የመጽሐፉ ጸሐፊ እንደ እኛ ጋዜጠኛ የነበረ ሰው ነው፤ እኔም ነገ በጽሑፌ እንጀራ መብላት የምፈልግ ሰው ነኝ። ቁልፉ ከተነሳ በኋላ የቀረው ቁልፍ እኔ ነኝ፤ እኔም ከተከፈትኩ አሳታሚው ትክክል ነበረ ማለት ነው። ይሄን ስል ንጹሕ ነኝ እያልኩ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጃችን ቁጥር 410/1996፣ በአንቀጽ 9፣ ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ ማድረግን ይፈቅዳል፤ መጽሐፍን ሙሉውን ወይም አብዛኛውን ፎቶኮፒ ማድረግን ግን ከዚህ ፈቃድ ውጪ አድርጎታል። በር ላይ ካሉት ፎቶኮፒ ቤቶች በአንደኛው ያሰረዝኩትን ሙሉ መጽሐፍ ዶርም ውስጥ የሚያየኝ ሰው ሊስቅብኝ ይችላል። ይሳቅብኝ።

ለክፍል ልጆች ያደረግኩት ነገር፣ ላፕቶፔን ለሦስት ቀን የንባብ አዳራሽ ውስጥ ማዋስ ነው። ወረፋ ይዘው አነበቡ። የወረቀት መጽሐፍ ቢሆን የማደርገውን ነው ያደረግኩት። ባትሪዬ ግን ከዚያ ወዲህ ጤና የለውም።

ስለ ጓደኛዬ ቅጂ ደግሞ ይቅርታ አልጠይቅም። የሻጩን ውል አንብቤዋለሁ፤ ቁልፉን መፍታት ይከለክላል፤ ውሉን ጥሰናል። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣችው ሕግ ቁልፍ መፍታትን በጠቅላላው ከልክላለች። ነገር ግን ያችው አሜሪካ ከ2003 ጀምሮ ጮክ ብሎ እንዳይነበብ ለተቆለፈ ኢ-ቡክ ለዓይነ ስውራን ልዩ ፈቃድ ስትሰጥ ቆይታለች፤ አስቸጋሪው በየሦስት ዓመቱ እንደ አዲስ መጠየቅ ያለበት መሆኑ ነው። በ2013 ማራካሽ ላይ የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከዚህ ይርቃል። መጽሐፉን በሕጋዊ መንገድ ያገኘ ዓይነ ስውር፣ ወይም እሱን ወክሎ የሚሠራ ሰው፣ ለእሱ የሚነበብ ቅጂ ማዘጋጀት እንዲችል አገሮች ይፍቀዱ ይላል፤ የቁልፍ ጥበቃ ሕጋቸውም ይሄን መብት እንዳያግድ ያዛል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ2020 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። «ግማሽ» የምትለዋ ቃል የምትመጣው እዚህ ላይ ነው። ጓደኛዬ ለመጽሐፉ ከፍሏል። የሰረቀው ነገር የለም፤ የከፈለበትን ሰማ።

ይሄን ሁሉ ቡሌቲን ላይ ያወጣሁት ዲፓርትመንታችን ኢ-ቡክ ሊገዛ ነው የሚል ወሬ ስለሰማሁ ነው። ሐሳቡ ደስ ይላል። መምህራኖቻችን ግን ውሉን ከመፈረማቸው በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቁልን። ስክሪን ሪደር ያነበዋል ወይ? ክፍያ ብናቆም ወይም ኩባንያው ቢዘጋ መጽሐፉ እኛ ዘንድ ይቀራል ወይ? ኢንተርኔት በሌለበት ቀን ይከፈታል ወይ? የመጀመሪያውን ጥያቄ «አዎ» በሚል ቃል ብቻ አይመኑት። ጓደኛዬን ጠርተው፣ ጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ፣ ፊታቸው ይሞክረው። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጅበት።

ፕሬዘንቴሽኑን አቀረብን፤ እሱ ከእኔ የተሻለ ማርክ አገኘ። በዚህ ሴሚስተር ደግሞ ሌላ መጽሐፍ ታዘዘ። የአክስቴን ልጅ «ቁልፍ የሌለበት የሚሸጥ ቦታ ካለ መጀመሪያ እሱን ፈልግልን» አልነው። ሦስት ቀን ፈልጎ ከአሳታሚው ከራሱ አገኘ። ዋጋው ከሌላው በ3 ዶላር ይበልጣል። ተዋጥተን ብሩን ለአክስቴ ሰጠናት፤ እሷም ቆጥራ ስትጨርስ «ይሄኛውስ የእናንተ ነው?» አለችን።